በጎማ ላይ የተቀመጠ አውጫጭኝ

ለወረታ ከተማ ነዋሪዎች፣ ለፎገራ ሜዳ ገበሬዎች፣ ለባጃጅ ነጂዎች፣ በጎንደርም ሆነ በደብረ ታቦር መንገድ ለምትተላለፉ መንገደኞች፣ እንዲሁም አስፋልት ዳር ተኝታችሁ ለምታመሰኩ ላሞች በሙሉ፦ የጡረተኛው ርዕሰ መምህር የጋሽ ባየህ ኮሮላ የኋላ ግራ ጎማ ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ምንም ሳያመው፣ ሚስማርም ሳይነካው፣ በቆመበት ተንፍሷል። ጎማው በሕይወት ዘመኑ ታታሪ፣ ሰው አክባሪና ከሦስቱ ባልንጀሮቹ ጋር ተስማምቶ የሚኖር ነበር።

እርግጥ እንዲህ ብሎ ያወጀ የለም። ባይታወጅም ወሬው ቁርስ ሳይበላ ከተማውን ዞረ። ጎማ መተንፈሱ ብርቅ ሆኖ አይደለም፤ ወረታ ላይ ጎማ የማይተነፍስበት ቀን ቢገኝ እሱ ነው ብርቁ። ጉዱ ሌላ ነው። ያው ጎማ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያችው ሰዓት ሲተነፍስ ይህ አራተኛ ሐሙሱ ነው። በአራቱም ሐሙስ ደግሞ ቀዳዳው አልተገኘም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ከባለመኪናው ይልቅ ጎሚስታውን ሳልህን አንገበገበው።

ሳልህ ጎማ መጠገን የጀመረው ጢም ሳያበቅል ነው። ጎማውን ከነቸርኬው የውሃ ገንዳ ውስጥ ይነክርና፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ አራስ ልጅ እንደምታጥብ እናት ቀስ እያለ ያዞረዋል። አረፋ ቡልቅ ያለችበት ላይ አውራ ጣቱን ይጭናል። በቃ፣ አለቀ። ሱቁ ፊት ለፊት ነጭ ቀለም የተቀባ ትልቅ የጭነት መኪና ጎማ እስከ ወገቡ ተቀብሮ ቆሟል፤ በላዩም «ሳልህ ጎሚስታ፤ ቀዳዳ አያመልጠንም» ተብሎ ተጽፎበታል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ታደለም ጎሚስታ ነው፤ እሱም ጎማ አቁሟል፤ የእሱ ጎማ ግን «ጎሚስታ» ብሎ ዝም ነው። ታደለ ያቺን «ቀዳዳ አያመልጠንም» የምትል ነገር ለስድስት ዓመት በዓይኑ ሲያኝካት ኖሯል።

እና በዚያች አራተኛ ሐሙስ ሳልህ ጎማውን ገንዳው ውስጥ ያዞረዋል፣ ጋሽ ባየህ ኮታቸውን ቆልፈው ጥላቸውን ተመርኩዘው ራሱ ላይ ቆመዋል።

«አረፋ አለ?»

«የለም፣ ጋሼ።»

«ደግመህ እይ።»

«ሦስቴ አየሁ እኮ።»

«እኔ ሳስተምር ሦስቴ የተሳሳተ ተማሪ አራተኛ ይሞክር ነበር።»

ሳልህ አራተኛ ሞከረ። ገንዳው ውስጥ ያየው ነገር ቢኖር የራሱን ፊት ነው፤ እሱም አላማረበትም።

የጋሽ ባየህ ባለቤት እትዬ ንግሥቲ ፎጣቸውን ታቅፈው፣ ጀሪካናቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጠው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄደው ቢዘፈዘፉ እንደሚሻላቸው ስለሚያውቁ ባላቸው በየሐሙሱ ሊወስዷቸው ቃል ገብተዋል።

«እንዲያው እናንተ ሰዎች» አሉ እትዬ ንግሥቲ፣ «እኔ ገላዬን ልታጠብ እወጣለሁ፣ ሐሙስ በሐሙስ ጎማው ታጥቦ እኔ እመለሳለሁ። ስኮርታ የሚሉት ትርፍ ጎማ የለውም እንዴ?»

«ስኮርታ ለክፉ ቀን ነው» አሉ ጋሽ ባየህ።

«ይኼስ ምን ቀን ነው?»

«ሐሙስ።»

እትዬ ንግሥቲ ከባላቸው መልስ ማግኘት ሲያቅታቸው ፊታቸውን ወደ ጎረቤቷ ነጋዴ ወደ ሸዋነሽ መለሱ። ሸዋነሽ ከሳልህ ሱቅ አጠገብ ሽንኩርት ትቸረችራለች።

«እኔስ ይህ ጎማ የታመመው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ አላጣሁትም። አንቺ ነሽ "አቤት ጎማ! እንደ ፎገራ ላም ሆድ ድብልብል ያለ!" ያልሽው። "ማርያም ትጠብቀው" እንኳ ሳትይ!»

«ውይ እትዬ!» አለች ሸዋነሽ ሽንኩርቷን ጥላ። «እኔ ቡዳ ብሆን በጎማ ነው የምጀምረው? ስንት ሥጋ ሲያልፍ እያየሁ?»

ሰው ሳቀ። ሳቁን ሰምቶ ታደለ ከማዶ መጣ፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አንገቱን ደፍቶ።

«እኔ በሰው ሥራ አልገባም» አለ። እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ወዴት እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። «ግን ጎማ ዝም ብሎ አይተነፍስም። ቀዳዳ ከሌለው እጅ አለ ማለት ነው። እጅ ካለ ደግሞ አውጫጭኝ ይቀመጥ። አባቶቻችን ለዚህ አይደል የሠሩልን?»

ሳልህ በውስጡ «እሰየው» አለ። ምስኪን! ለራሱ የተጠመደ ወጥመድ መሆኑን ያወቀው እሑድ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ዳኛው መሪጌታ መባ ናቸው። አውጫጭኝ ለጠፋ በሬና ለተቃጠለ ክምር የሚቀመጥ ነገር ነው፤ ለጠፋ አየር ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ወጉ ግን ያው ነው። ማንም «በዓይኔ አየሁ» ብሎ ጎረቤቱን አይከስም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል፤ ወፏም ማን እንደሆነች አትጠየቅም።

«ሸዋነሽ፣ ወፍሽ ምን አለች?» አሉ መሪጌታ።

«የኔ ወፍ "ሸዋነሽ የለችበትም" ብላለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አላለችም። ይህንኑ ደጋግማ ነው የምትለው።»

ቀጥሎ የተነሣው ባጃጅ ነጂ ሰውመሆን ነው። የእሱ ወፍ ጎማው አየሩን የሚለቀው በብርድ ነው እንዳለችው መሰከረ። መሪጌታም ለምን ረቡዕ እንደማይበርደው ጠየቁ። ሰውመሆን ወፏን ጠይቆ እንደሚመለስ ተናግሮ ተቀመጠ።

ጋሽ ባየህ ተራቸው ሲደርስ፣ «እኔ ወፍ የለኝም» ብለው ጥላቸውን ዘረጉ፤ ፀሐይ ግን አልነበረም።

በመጨረሻ ታደለ ተነሣ።

«የኔታ፣ እኔን የነገረችኝ ወፍ እንዲህ አለች፦ "ጎማው በተነፈሰ ቁጥር ወደ ማን ይሄዳል? ሳልህ ጋ። ፈትቶ፣ ነክሮ፣ ነፍቶ የሚመልስ ማን ነው? ሳልህ። እንግዲህ በሐሙስ ማለዳ እያስተነፈሰ ለራሱ ሥራ የሚፈጥር ማን ይመስልሃል?" አለችኝ።»

ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ወደ ሳልህ ዞረ። ቀዳዳ አመለጠው ቢሉት አንድ ነገር ነው፤ የሰው ጎማ እያስተነፈሰ ይበላል መባል ግን ሱቅ መዝጋት ነው። ይህን ስም ይዞ ወረታ ላይ የሕፃን ኳስ እንኳ የሚያስነፋው አያገኝም።

«ወፏ ምን ዓይነት ናት?» አሉ መሪጌታ መባ። መጠየቅ አልነበረባቸውም፤ ነገሩ ግን ጣፍጧቸዋል።

«ዋኔ ናት፣ የኔታ።»

«ዋኔ…» መሪጌታ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ቁራ ብትሆን ኖሮ አልቀበልም ነበር። በኖኅ ጊዜም ቁራ ተልኮ ቀርቷል። ዋኔ ግን ከባድ ነው።»

ሳልህ ብድግ አለ። «የኔታ፣ እኔ አላደረግሁም! ወላሂ!»

«እንግዲያውስ ያደረገውን አምጣ። እስከ ሐሙስ አራት ሰዓት። ሐሙስ የሆነውን ነገር ካልነገርኸን፣ ያን ነጭ ጎማህን በገዛ እጅህ ነቅለህ፣ አንከባለህ፣ ታደለ ደጃፍ ታጋድማለህ። ተፈርዷል።»

ማታ የሳልህ ሚስት ቱርኪያ ነገሩን ሰምታ ራት እያቀረበች፣ «ጎማ አላስተነፈስሁም በልሃ!» አለችው።

«ብያለሁ።»

«ጮክ ብለህ ነው ያልኸው?»

«ጮክ ብዬ ነው።»

«አጉል አድርገሃል፤ እውነተኛ ሰው ጮክ አይልም» አለችና ወጡን ጨመረችለት።

ሐሙስ ሳልህ የሱብሒ ሶላቱን ሰግዶ በቀጥታ ወደ ጋሽ ባየህ ግቢ ሄደ። የጋሽ ባየህ ግቢ ሁለት ትልልቅ በሮች አሉት፤ አንዱ በፊት፣ አንዱ በጓሮ። ሰው ሁሉ «ለነፋስ ነው» ይላል። ሳልህ በጓሮው ገብቶ መኪናው አጠገብ የተከመረ የሩዝ ገለባ ውስጥ ራሱን ቀበረ። ገለባው አንገቱ ሥር ገባ፤ ጆሮው ውስጥ ገባ፤ ስሙን መጥራት ነውር የሆነ ቦታም ገባ። ስም የሚያጠራ ሰው ገላውን አያክክምና ቻለው።

ሰማዩ ሲገላለጥ የቤቱ በር ተከፈተ። ጋሽ ባየህ ጋቢ ለብሰው ወጡ። ግራ አዩ፤ ቀኝ አዩ፤ ዶሮዋን አዩ። ከዚያ የኋላ ግራ ጎማ ሥር ቁጢጥ አሉ፣ አየር የሚሞላበትን ቫልቭ ክዳን ፈቱ፣ እንዳትጠፋ አፋቸው ውስጥ ጎረሷትና ከኪሳቸው የክብሪት እንጨት አውጥተው ጫን አደረጉ።

ፍስስስስስ።

«ጋሼ!»

ገለባው ተነሥቶ ቆመ። ጋሽ ባየህ ክዳኗን ዋጧት።

«እርስዎ ነዎት?» አለ ሳልህ ጢሙን ሙሉ ገለባ ተሸክሞ። «እርስዎ ራስዎ? የገዛ ጎማዎን?»

ጋሽ ባየህ ጥቂት ሳል ካሉ በኋላ እንደ ድሮው፣ ክፍል ውስጥ እንደሚቆሙት ቆሙ። ጋቢ በለበሰ ሰው ግን አይሆንም።

«ሳልህ፣ ስድስተኛ ክፍል ማን አስተማረህ?»

«እርስዎ።»

«እንግዲያው የምነግርህን ከዚህ ግቢ አታወጣም። ማልልኝ።»

«ወላሂ አላወጣም።»

«የኋላ ማርሽ አልችልም።»

ሳልህ የሰማውን አላመነም። «እንዴት አይችሉም? መንጃ ፈቃድ አለዎት እኮ!»

«የፈተነኝ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ያስተማርሁት ነው። ወደ ፊት ንዱ አለኝ፣ ነዳሁ። አቁሙ አለኝ፣ አቆምሁ። ከዚያ "ወደ ኋላ" ሊል አፉን ከፈተ፤ ዓይኔን አየ፤ መልሶ ገጠመ። "ጋሼን ወደ ኋላ ይሂዱ ብዬ እንዴት አዛለሁ?" አለና ፈረመ። ጨዋ ልጅ ነው። ባያከብረኝ ኖሮ ይኼኔ ሾፌር ነበርሁ።»

ለካ ሁለቱ በር ለነፋስ አይደለም፤ በአንዱ ገብተው በሌላው ለመውጣት ነው።

«ወንዛዬስ ምን ሆኑ?»

«አንድ ጊዜ ወሰድኋት። መኪናው የሚቆምበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ወደ ኋላ ካልሆነ በቀር አይወጣም። ሰው ሁሉ እያየ! በመጨረሻ ሊታጠቡ የመጡ ስምንት ወንዶች፣ ግማሾቹ በፎጣ እንዳሉ፣ መኪናውን አንሥተው አዞሩልኝ። አንደኛው ሲያነሣ ፎጣው ወደቀ። ንግሥቲ "ለምን አነሡት?" ስትለኝ "ሞተሩ እንዳይግል ነው" አልኋት። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ቦታ አልሄድም። አርባ ዓመት ተማሪ ሁሉ ብድግ የሚልልኝ ሰው ነኝ፣ ሳልህ።»

ሳልህ ገለባውን ከጢሙ ለቀመ። አሁን ያወቀው ነገር ስሙን ያነጻዋል፤ መሐላው ደግሞ አፉን ዘግቶታል። ለአፍታ የዋኔዋን ዝርያ ሁሉ ረገመ።

«ጋሼ፣ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ነጭ ጎማዬን ነቅዬ ታደለ ደጅ ላጋድም ነው። ያውቃሉ አይደል?»

ጋሽ ባየህ መሬት መሬት አዩ።

«ቢያንስ ይሞክሩት። አሁን። ማንም የለም።»

ሳልህ ጎማውን በእግር ፓምፕ ነፋና ጎናቸው ተቀመጠ። የኋላ ማርሹን አሳያቸው። «ዞር ብለው ኋላዎን ይዩ። የመኪናው ቂጥ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ከፈለጉ መሪውን ወደ ቀኝ።»

«መሪውን ወደ ቀኝ ካዞርሁ አፍንጫው ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ግራ።»

«ለምን?»

«ጋሼ፣ ለምን የለውም።»

«ለምን የሌለው ነገር አላስተማርሁም፣ አልማርምም።»

ቢሆንም ነዳጁን ረገጡ። ኮሮላው ሁለት ክንድ ያህል ወደ ኋላ ዘለለና የሩዝ ገለባው ውስጥ ገባ። ዶሮዋ ግቢውን ለቅቃ ሄደች። ጋሽ ባየህ መኪናውን ወደ ፊት አወጡ፤ «በቃኝ» አሉ፤ ሁለተኛ አልሞከሩም።

አራት ሰዓት ላይ የወረታ ግማሹ ሳልህ ደጅ ተሰብስቧል፤ የቀረው ግማሽ እየመጣ ነው። መሪጌታ «የተከሰሰው ጎማ ይቅረብ» ስላሉ ጋሽ ባየህ መኪናቸውን ይዘው መጥተው፣ አፍንጫውን ከሳልህ ሱቅ ግድግዳ ጋር አሳስመው አቁመዋል። ጎማው ድብልብል ብሏል። ሸዋነሽ ዓይኗን በሻሿ ጋርዳለች። እትዬ ንግሥቲም ጀሪካናቸውን ይዘው መጥተዋል።

«ሳልህ» አሉ መሪጌታ፣ «ያደረገውን አገኘኸው?»

«አግኝቼዋለሁ፣ የኔታ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ታደለ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ማን ነው?»

ሳልህ ጋሽ ባየህን አላያቸውም። ሰማይ አየ። «ምዬበታለሁ፣ የኔታ። መናገር አልችልም።»

«በወፍም ቢሆን ንገረን!»

«የኔ ወፍ ምላለች።»

«እንግዲህ ፍርድ ፍርድ ነው» አሉ መሪጌታ መባ፣ አዝነው። ሳልህን ይወዱታል። ዋኔ ግን ዋኔ ናት።

ሳልህ ዶማ አነሣ። ስድስት ዓመት የተተከለ ጎማ ሲነቀል ድምፅ አለው፤ እንደ ጥርስ ነው። ሥሩ የነበሩ ጉንዳኖች ወዲያ ወዲህ ተሯሯጡ። ነጩን ጎማ አቆመና ወደ አስፋልቱ ማንከባለል ጀመረ። በእያንዳንዷ ዙር «ቀዳዳ አያመልጠንም» ወደ ላይ እየወጣ ይታያል፣ መልሶ ይገለበጣል። ባጃጆች ቀብር ያለፈ ይመስል ቆሙ። ሰውመሆን ኮፍያውን አወለቀ። ታደለ ደጃፉ ላይ ክንዱን አጣጥፎ ይጠብቃል፤ ፈገግታውን ለመዋጥ የሚያደርገው ትግል ከሩቅ ያስታውቃል።

ሳልህ አስፋልቱ መሀል ሲደርስ የመኪና በር ጓ ብሎ ሲዘጋ ሰማ።

ዞረ። ጋሽ ባየህ መሪው ላይ ተቀምጠዋል። ኮታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ሞተሩ ተነሣ። ማርሹ የሽቦ ጥርስ ያለው አውሬ አጥንት ሲቆረጥም የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ።

«ጋሼ፣ ተዉ!» አለ ሳልህ።

ኮሮላው ወደ ኋላ ሄደ።

ወደ ኋላ ሄደ ማለት ትንሽ ነው። የሸዋነሽን ሽንኩርት ከሁለት ከፈለ፤ የእትዬ ንግሥቲን ጀሪካን ገጨ፤ መሪጌታን ከስልሳ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አስሮጠ። አስፋልቱን ሲያቋርጥ ሳልህን በአንድ ስንዝር ስቶት አለፈ። በመስኮቱ የታዩት ጋሽ ባየህ ዓይናቸውን ጨፍነው «ቀኝ፣ ቀኝ፣ ለምን የለውም፣ ቀኝ» ይላሉ። ታደለ ክንዱን ዘረጋ፣ ከዚያ እግሩን ዘረጋ፣ ከዚያ በአጥር ላይ ዘለለ። ኮሮላው የታደለን ምልክት ጎማ ገጭቶ ወደ ደብረ ታቦር መንገድ ሰደደው፤ የአሮጌ ጎማ ቁልሉ ላይ ተደግፎም ቆመ። ታደለ ጎማ የሚነክርበት፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ ግማሽ በርሜል ነበረው። የመኪናው የኋላ ግራ ጎማ ውሃው ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ሮጠው በርሜሉን ከበቡት። መሪጌታ መባ እያለከለኩ ደርሰው መነጽራቸውን አደረጉና ጎንበስ አሉ። ውሃው ቀስ በቀስ ረጋ። ወረታ በሙሉ ትንፋሹን ይዞ አየ።

አንዲት አረፋ የለችም።

«ጎማው ንጹሕ ነው» አሉ መሪጌታ። «ይህን ያህል መከራ አይቶ አየር ያልጠፋው ጎማ፣ ተጠግኖ አይደለም፣ ተጠምቆ ነው። በገዛ ገንዳህ ተፈተነ፣ ታደለ።»

«ሐሙስ ሐሙስስ ምን ሆኖ ነበር?» አለ ታደለ ከአጥሩ ማዶ።

«የሐሙሱን ዛሬ ሐሙስ አየነዋ! አልተነፈሰም። ዋኔህን ምከራት። ሳልህ፣ ጎማህን መልሰህ ትከል።»

ሕዝቡ እልል አለ። ሳልህ ነጩን ጎማ ወደ ሱቁ አቅጣጫ መለሰው፤ አስፋልቱ ላይ ግን ሁለቴ ወደቀበት። ሰውመሆን ሊያግዘው መጣ፤ ሌሎችም መጡ፤ አንድ ጎማ ለአሥራ አምስት ሆነው አንከባለሉት።

እትዬ ንግሥቲ ከመኪናው ዘንድ አልተነቃነቁም። የተጨፈለቀውን ጀሪካናቸውን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለዋል። ባላቸው በሩን ከፍተው ወረዱ፤ አንድ እግራቸው በርሜሉ ውስጥ ገባ፤ ያልገባ መስለው አወጡት። ጥላቸውን ከኋላ ወንበር አነሡ።

«ባየህ» አሉ እትዬ ንግሥቲ።

«አቤት።»

«ወደ ኋላ መንዳት የምትችል ከሆነ፣ ያኔ ወንዛዬ ያ ሁሉ ወንድ በፎጣው ለምን መኪና አነሣ? ካልቻልህ ደግሞ አሁን ምን ሆነህ ነው? ያቺስ የክብሪት እንጨት ከኮትህ ኪስ የማትጠፋው ለምንድን ነው፣ አንተ ሲጋራ እንኳ የማታጨስ ሰው?»

ሸዋነሽ የተረፉ ሽንኩርቶቿን ይዛ ጠጋ አለች። መሪጌታም ጠጋ አሉ። ታደለ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። ሳልህ ብቻ ጀርባውን ሰጥቶ ጉድጓዱን እንደ አዲስ ይቆፍራል።

ጋሽ ባየህ የኮታቸውን የላይኛ ቁልፍ ነካ አደረጉ። ቆልፈውታል፤ ደግመው ቆለፉት። የረጠበ ጫማቸውን ወደ ጎን አራገፉ።

«አላብራራም» አሉ።